ሰማያዊ ዓይን ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም

ወንድሜ አትቀየመኝ እንጂ «ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ስላለ ነው፣ ከጸሐይ ደሞ ጥቁር መነጽር ካረጉ ይበቃቸዋል» ያልከው ሁለቱም ልክ አይደለም። ዓይን ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው፣ እሱ ደሞ ቡናማ ነው፣ እኛ ጋ ስለሚበዛ ጠቆር ይላል፣ እነሱ ጋ የአይሪሱ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክብ) ፊት ለፊት ላይ በጣም ትንሽ ስለሆነ የገባው ብርሃን ይበተንና ሰማያዊው በብዛት ተመልሶ ይታየናል። ሰማዩስ ማን ቀለም ቀብቶት ነው?

የመነጽሩ ግን ይብሳል። የመስታወቱ ጥቁረትና አልትራቫዮሌት (ዩቪ የሚባለውን በዓይን የማይታይ የጸሐይ ጨረር) መከላከሉ አይገናኙም፣ እንደውም ጠቁሮ ጨረሩን የማይከለክል ከሆነ ዓይንህ ጨለማ መስሎት ብሌኑን ይከፍታል፣ ጨረሩም ዘው ነው። እኔ መንገድ ላይ ድቅድቅ ያለ መነጽር ገዝቼ፣ ዩቪ 400 የሚል ስቲከር ሁሉ አለው፣ መነጽር ቤት በማሽን ሲለኩልኝ ጨረሩን ያሳልፋል 😂 ስቲከር ማንም ይለጥፋል እኮ። 400 ማለት የሞገድ ርዝመቱ እስከ 400 ናኖሜትር የሆነውን የዩቪ ጨረር ያግዳል ማለት ነው፣ ይሄን በትክክል የሚሰራ ከሆነ ነጣ ያለ መስታወትም ይበቃል።

ደሞ «እኛ ጥቁር ዓይን ነን አይነካንም» እንዳትል፣ ጨረሩ የሚያባብሰው የዓይን ሞራ የዓይን ቀለም አይመርጥም፣ አዲስ አበባ ደሞ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከፍ ባልክ ቁጥር ጨረሩ ይጠነክራል። አልቢኒዝም ያለበት (ሰውነቱ ሜላኒን በደንብ የማይሰራ) ልጅ ቤታችሁ ካለማ መነጽሩም ጠርዘ ሰፊ ባርኔጣውም ያስፈልገዋል፣ ብርሃን በጣም ነው የሚያስቸግራቸው።