ይድረስ ለክቡር ጣሪያና ግድግዳ ግብር

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ውሃ በሳምንት አንዴ ከሚጎበኘው የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሜ፣ ከመጨረሻው ፎቅ፣ ደህና ነኝ። እርስዎማ ምን ይሆናሉ፤ በየጊዜው ይወፍራሉ።

የምጽፈው ማክሰኞ ወረዳ ላይ ስለደረሰብኝ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ ሁለት ድንጋይና አንድ ባዶ ሃይላንድ ተሰልፈዋል። ባለቤቶቻቸው ሦስት ሰዓት ላይ ቁርሳቸውን በልተው መጡ። ሲስተሙ ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ስክሪኑን አይታ የነገረችኝ ሒሳብ የአምናውን እጥፍ ነው።

"ማነው የጨመረው?"

"ተመኑ ተሻሽሏል ጋሼ።"

"ማን ጠየቀን?"

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ይሻለኝ ነበር። ግን ቅዳሜ ለት ካሊፎርኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደውሎ የነገረኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ይንተከተካል። እዚያ ከተማው ግብር ልጨምር ካለ ነዋሪውን ድምፅ ያሰጣል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ጥያቄ ከ75 ቃላት አያልፍም፤ በዓመት ስንት እንደሚሰበሰብ፣ ተመኑ ስንት እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ይናገራል። ከተማው ገንዘቡን ለአንድ ለተለየ ጉዳይ ነው የምፈልገው ካለ ደግሞ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው "እሺ" ካላለ ቀረ ማለት ነው። (እሱም ያማርራል። በፈረንጆቹ 1978 በፀደቀው ሕግ ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ግብር የሚሰላበት የቤት ግምት በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም፤ ድሮ የገዛ ጎረቤቱ ለዚያው ዓይነት ቤት የሱን ሩብ አይከፍልም።)

እናም "እኛስ ለምን ድምፅ አንሰጥም?" አልኳት።

ብትቆጣኝ ምን ነበረበት። ዞር ብላ "ኑ ስሙ! ጋሼ ግብሩን እንምረጥ እያሉ ነው" አለች። ሦስት ሠራተኞች ሻያቸውን እንደያዙ መጡ። አንዱ "ጣትዎን ቀለም እንቀባልዎት?" አለኝ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሽንት ቤት ስትሄድ ተራዋን የጠበቅኩላት ሴትዮ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከሁሉም እሷ ናት ያንገበገበችኝ።

ለነገሩ እኛም ጋ ሁለት ሦስተኛ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 99 ላይ፣ ለማንም ተለይቶ ያልተሰጠ ግብር የመጣል ሥልጣን በሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወሰናል ይላል። ድምፁ የነሱ፣ ብሩ የኔ።

ስምዎም ያስቀኛል። ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ግድግዳዬ ሚስማር ሲያይ ይረግፋል። የትኛውን ነው የሚያስከፍሉኝ?

ስማኝማ፣ አንቱታው አሁን አልወጣልህ አለኝ። አልከፍልም አላልኩም! ክረምት በመጣ ቁጥር ልጄ በቦት ጫማ ጭቃውን አቋርጣ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው ከፌስታል አውጥታ ጫማዋን የምትቀይረው። "መንገዷን እንሥራበት፣ ይህን ያህል ጨምር" ብላችሁ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። አንድ ወረቀት ነው፣ አንድ ጥያቄ! እሱም አሳቀብኝ።

ይቅርታ ክቡርነትዎ። ከፍያለሁ። ደረሰኙን ግን አልያዝኩም፤ ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሷል፣ ሰኞ ይምጡ ተብያለሁ። ድንጋዬን እሁድ ማታ አስቀምጣለሁ።

ግልባጭ፦
ተራዋን ለጠበቅኩላት ሴትዮ