ማስተካከያ፦ ስለ ፌንደር ጊታር
ባለፈው ስለ ፌንደር ኩባንያ ታሪክ ስጽፍ ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። መሥራቹን ሊዮ ፌንደርን ጎበዝ ጊታሪስት ብዬው ነበር። ሰውዬው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። (እኔም ገርሞኛል።)

ሁለተኛው የቴሌካስተር፣ ማለትም የፌንደር የኤሌክትሪክ ጊታር ሞዴል፣ ስም ነው። ከመነሻው ቴሌካስተር ይባል ነበር ማለቴ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ሲቀርብ ስሙ ብሮድካስተር ነበር። ግሬች የተባለው ኩባንያ ግን በተመሳሳይ ስም ከበሮ ይሸጥ ስለነበር ቅሬታ አቀረበ። አዲስ ስም እስኪገኝ የፌንደር ሠራተኞች ጊታሩ ላይ ከሚለጠፈው የስም ተለጣፊ ላይ «ብሮድካስተር» የሚለውን ቆርጠው እያወጡ «ፌንደር» የሚለውን ብቻ ይለጥፉ ነበር። ቴሌካስተር የተባለው በ1951 ነው። እነዚያን ስም አልባ ጊታሮች ሰብሳቢዎች «ኖካስተር» ይሏቸዋል፤ ዋጋቸው ዛሬ አይቀመስም።

ፌንደር በ1965 ለአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ለሲቢኤስ ተሸጠ ያልኩት ትክክል ነው፤ አልነካሁትም።