ፀሐይ ደጅ፣ እማዬ ጓዳ

አምና የካቲት ላይ ስቶክሆልም በረዶ አንሸራቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ጄሶ ታሰረልኝ። ሐኪሟ ግን በዚያ አላበቃችም፤ ደሜን አስመርምራ ቫይታሚን ዲ አየች። 28 ናኖሞል በሊትር ሆኖ ተገኘ። በእነሱ መለኪያ ከ50 በታች እጥረት ነው። «ጄሶው አጥንቱ እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል፤ የሚገጥመው ግን ሰውነትሽ ነው» አለችኝ።

ብዙም አልገረመኝም። ስዊድን ክረምቱን ሙሉ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳ ቫይታሚኑን አይሠራም። ወተታቸው ላይ በሕግ የሚጨምሩትም ለዚህ ነው። የእኛ ዓይነት ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል።

የገረመኝ የድሬዳዋው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ እማዬ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ፣ ቀጥሎ ራጅና ጄሶ። ጎረቤቱ የቅልጥም ሾርባና አብሽ ይዞ ጎረፈ። ስለ ቫይታሚን ዲ ያነሳ ሰው ግን የለም። «አቦ፣ ድሬ ተቀምጦ የምን የፀሐይ እጥረት ነው?» አለኝ ታናሽ ወንድሜ በስልክ።

እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። ልጠይቃት ስገባ ግን ውሎዋን አየሁ። ገበያ የምትሄደው በማለዳ፣ ተሸፋፍና፣ በባጃጅ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ መጋረጃ ተጋርዶ ቤት ትውላለች። ሰፈሩም በሩን ዘግቶ ያርፋል። ሰው የሚወጣው ሲመሽ ነው። ፀሐይ ሞልቷል፤ የእማዬ ቆዳ ላይ ግን አያርፍም። በመስኮት መስታወት የሚገባው ደግሞ ለዚህ አይቆጠርም።

የተሰበረ አጥንት መጀመሪያ የሚያያዘው በለስላሳ ነገር ነው። ከዚያ ካልሲየም ገብቶ ያጠነክረዋል። ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ የሚረዳው ቫይታሚን ዲ ነው። እሱ ሲጎድል ከምንበላው ካልሲየም ወደ ደም የሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶው ብቻ ነው። ሲበቃ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። የሾርባው ፍቅር ይህን ክፍተት አይሞላም።

እኛ ከውጭ የምንመጣው ደግሞ ሌላ ችግር እናመጣለን። ሻንጣችንን ቫይታሚን ሞልተን ያለ ምርመራ እናድላለን። አንዲት የሰፈራችን እናት ከልጃቸው የተላከላቸውን ባለ 50,000 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ኪኒን በየቀኑ ሲውጡ ደረስኩ። ደነገጥኩ! እሱ በሐኪም ትእዛዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው። ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል። እጥረት ለሌለበት ሰው ደግሞ ስብራቱን ቶሎ እንደሚጠግንለት አልተረጋገጠም። እባካችሁ፣ ከኪኒኑ በፊት ምርመራውን ክፈሉላቸው።

እማዬን አስመረመርናት። እጥረት ተገኘባት፤ ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላት። ግቢው ውስጥም በርጩማ አወጣንላት። የማለዳዋ ፀሐይ ደስ ትላለች እንጂ ለቫይታሚኑ ብዙም አትረዳም፤ ጥላ ከቁመት ሲያጥር ነው ደህና የሚሠራው። አሁን 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትንሽ ትቀመጣለች። «እጄን ነው የሰጠኋት፤ ፊቴንማ አላስጠቁርም» ትለኛለች።