ድራመሩ የት ሄደ?

ሰሞኑን የወጡ ሦስት የሄቪ ሜታል (የኃይለኛ ሮክ ሙዚቃ) አልበሞችን አከታትሎ የሰማ ሰው ዘፋኞቹን ይለይ ይሆናል፤ ድራመሮቹን፣ ማለትም ከበሮ መቺዎቹን፣ ለመለየት ግን ይቸገራል። ሙያተኞች ጠፍተው አይደለም። ድራመሩ ስቱዲዮ ገብቶ ላቡን አፍስሶ ይወጣል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምት ምትን እኩል እየቆጠረ ወደሚሄደው ሜትሮኖም ልክ ይጎትተዋል፣ የተቀዳውንም ድምፅ ቀድሞ በተዘጋጀ ናሙና፣ ማለትም ተቀድቶ በተቀመጠ ሌላ የከበሮ ድምፅ፣ ይተካዋል። ከሰውየው የሚተርፈው የምቱ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

አሠራሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በደቂቃ 200 ምት በሚጋልብ ዘፈን ውስጥ እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲከፈል ሁለቱ እግሮች ትልቁን ከበሮ በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ይመታሉ። በዚህ ፍጥነት እግር ጉልበት ያጣል፤ የአንዱ ምት ጉምታ ሳይበርድ ሌላው ይደርስበታል፤ ሁሉም ተደበላልቆ ከጊታሮቹ ጩኸት ሥር ይቀበራል። ናሙናው ስል ጫፍ ይሰጠዋል። ሜሹጋ የተባለው የስዊድን ባንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው «ካች ተርቲስሪ» አልበም ከበሮውን ጭራሽ በኮምፒውተር ሠርቶታል፤ ይህንንም አልደበቀም። እኔን የሚያናድደኝ ማሽኑን ሰው ማስመሰሉ ነው።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን የክፍሉ ድምፅ መጥፋቱ ነው። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሌድ ዘፕሊን እ.ኤ.አ. በ1971 ለወጣው አራተኛ አልበሙ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለውን ዘፈን ሲቀዳ የድራመሩ የጆን ቦንሃም ከበሮ የተተከለው በእንግሊዝ አገር ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ ነበር። የድምፅ ባለሙያው አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎኖችን ከላይ በደረጃው ላይ ሰቀለ። ወደ ማይክሮፎኖቹ የገባው ከበሮው ብቻ አልነበረም፤ ግድግዳውና ከፍታውም አብረው ገብተዋል። ያን ግዙፍነት የፈጠረው በከበሮውና በማይክሮፎኑ መካከል የነበረው አየር ነው። ዛሬ ብዙዎች ማይክሮፎኑን ከከበሮው ቆዳ ጋር ያጣብቁና ጎድሎ የተገኘውን ስፋት በሶፍትዌር ይጨምሩበታል።

ሜታሊካ በተባለው የሄቪ ሜታል ባንድ «ሴንት አንገር» ላይ ያልሳቀ የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው በዚህ አልበም የባንዱ ድራመር ላርስ ኡልሪክ ስኔር ከተባለው ትንሽ ከበሮ ሥር ያሉትን ሽቦዎች አላልቶ በመምታቱ ድምፁ ባዶ በርሜል የሚደበደብ መሰለ። አስቀያሚ ነው፤ አልከራከርም። ሆኖም በአንድ ምት ብቻ የትኛው አልበም እንደሆነ ይታወቃል። ስንት ንጹሕ አልበም ይህን ያህል ይታወቃል?

ናሙናውን ከሥር ለድጋፍ ያስገቡት፤ የክፍሉን ማይክሮፎን ግን አይዝጉት። አንዱ ምት ከሌላው ለስልሶ ቢገኝም ለማረም አይቸኩሉ፤ ድራመሩ ሆን ብሎ ያለሰለሰው ሊሆን ይችላል።