ፓይካ፣ ሲሴሮ ወይስ 12? ስለ ፊደል መጠን ስሞች የተደረገ ክርክር

ፊደል ከእርሳስ ቀልጦ አንድ በአንድ በእጅ በሚለቀምበት ዘመን የአውሮፓ ማተሚያ ቤቶች የፊደልን መጠን የሚጠሩት በስም ነበር። እንግሊዙ ብረቪር፣ ፓይካ፣ ግሬት ፕራይመር ይላል፤ ፈረንሳዩ ሚኞን፣ ሲሴሮ፣ ሴንት ኦጉስተን፤ ጀርመኑ ፔቲት፣ ኮርፑስ፣ ሚተል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ስለ ሕትመት ታሪክ በአማርኛ ስንጽፍና የቆዩ መጻሕፍትን ስንመዘግብ እነዚህን ስሞች እንያዛቸው ወይስ በቁጥር እንተካቸው? ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለቁጥር

መዝገብ የሚገልጥ ሰው ፊደሉ ምን ያህል እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል። ስሙ ይህን አይነግረውም። ካነን የሚባለውን ትልቅ መጠን እንውሰድ። በእንግሊዝ 48 ፖይንት ነው (ፖይንት የፊደል መለኪያ ነው፤ የሚሊሜትር ሲሶ ገደማ)፤ በጀርመን 36፤ የፓሪሱ ፒየር ሲሞን ፉርኒየ ደግሞ ግሮ ካኖን የሚለውን 44 ላይ አስቀምጦታል። ጀርመን ቴክስት የሚለው 20 ነው፤ ስፔን ቴክስቶ የሚለው 16። እንግሊዝ ብረቪር ሲል 8 ማለቱ ነው፤ ስፔን ብሬቪያሪዮ ሲል 9። በቅዱስ አውግስጢኖስ የተሰየመው መጠን በፉርኒየ ዝርዝር 14 ሲሆን ሆላንዶች አውጉስታይን የሚሉት 12 ነው። ተቃራኒውም አለ፤ 5.5 ፖይንቱን ፊደል ሎንደን ሩቢ ስትለው ኒው ዮርክ አጌት ትለዋለች።

በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ስሙ አይረጋም። ጆሴፍ ሞክሰን በ1683 በሎንደን የዘረዘራቸው መጠኖች በአንድ ጫማ (305 ሚሊሜትር ገደማ) ውስጥ ስንት መስመር እንደሚገባ ያሳያሉ፦ ፐርል 184፣ ብረቪር 112፣ ሎንግ ፕራይመር 92፣ ፓይካ 75፣ ኢንግሊሽ 66፣ ግሬት ፕራይመር 50። ሒሳቡን ብንሠራው የሞክሰን ፓይካ 4.06 ሚሊሜትር ይሆናል። በ1886 አሜሪካኖች ደረጃ ያወጡለት ፓይካ 4.22 ነው። ልዩነቱ ከቁብ የማይገባ ይመስላል፤ በ40 መስመር ገጽ ላይ ግን 6 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ መስመር ተኩል ይሆናል። ስለዚህ «ይህ መጽሐፍ በፓይካ ታተመ» ብሎ የጻፈ መዝጋቢ ለአንባቢው ምን ሰጠው? ከሁሉም የከፋው ደብል ፓይካ ነው። በሞክሰን ዝርዝር 38 መስመር በጫማ ስለሚገባው በእርግጥም የፓይካ እጥፍ ነበር። ኋላ ግን የስሞል ፓይካ እጥፍ፣ 22 ፖይንት ሆነ፤ 24ቱ ደግሞ ቱ ላይን ፓይካ ተባለ። ስሙን አምኖ የሚተረጉም ሰው ይሳሳታል።

ፈረንሳዊው ፍራንሷ አምብሯዝ ዲዶ በ1780ዎቹ ፖይንትን የንጉሡ ጫማ ከሚባለው የፈረንሳይ የርዝመት መለኪያ ጋር ሲያስተሳስር ስሞቹን ትቶ ፊደሎቹን በቁጥር ጠራቸው። እኛስ ምን ቸገረን?

ለስም

ወንድሜ፣ ያቀረቡትን ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ድምዳሜዎን ግን አልቀበልም። ቁጥሩም እኮ ስም ነው! «10 ፖይንት» ብለው ሲጽፉ የማንን ፖይንት ማለትዎ ነው? የዲዶ ፖይንት 0.376 ሚሊሜትር ነው፤ በርሊን ውስጥ ሄርማን በርቶልድ በ1879 በአንድ ሜትር 2,660 ፖይንት እንዲገባ አድርጎ አጽንቶታል። የአሜሪካኑ 0.3514 ነው፤ እንግሊዞች በ1898 ተቀበሉት። ዛሬ በኮምፒውተር የምንጠቀምበት ደግሞ የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ፣ 0.3528። የፉርኒየ ከነዚህ ከሁሉም ይለያል።

ስለዚህ የጀርመኑን ኮርፑስ «10» ብለው ቢተኩት ለአንባቢው የደረሰው ስሕተት ነው። ኮርፑስ 10 የዲዶ ፖይንት፣ ማለትም 3.76 ሚሊሜትር ነው፤ በአሜሪካ ፖይንት 10.7 ይሆናል። ሲሴሮ 4.51 ሚሊሜትር ሲሆን ፓይካ 4.22 ነው። ሁለቱም በሠንጠረዥ ላይ «12» ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በ40 መስመር ላይ ግን ልዩነታቸው 12 ሚሊሜትር ያህል፣ ሦስት መስመር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። «ሲሴሮ» ብለው ቢጽፉ አንባቢው ቢያንስ በእንግሊዝ ሳይሆን በዋናው የአውሮፓ ምድር ልክ የተሠራ ፊደል እንደሆነ ያውቃል። «12» ሲሉት ግን ያን ፍንጭ አጠፉበት።

ፍንጩ የሚያስፈልገው ለመጠኑ ብቻ አይደለም። በዲዶ ልክ የሚሠራ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ከእግሩ እስከ ፊቱ 23.56 ሚሊሜትር ይቆማል፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ 23.32 ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ቢያሰልፏቸው ረጅሙ ወረቀቱን ይወጋል፤ አጭሩ ቀለም አይነካውም፤ ቢነካውም ደብዝዞ ያትማል። ስለዚህ አንድ ማተሚያ ቤት በመጋዘኑ ሲሴሮ አለው ወይስ ፓይካ አለው የሚለው ጥያቄ ከማን ፊደል ይገዛ እንደነበር፣ ማሽኑ ለየትኛው ቁመት እንደተስተካከለ የሚያመለክት ነው።

ሌላም አለ። ስሞቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ሁለት ኖንፓሬል አንድ ፓይካ ነው፤ ሁለት ፐርል አንድ ሎንግ ፕራይመር ነው። ለቃሚው በብረቪር በሚለቅመው አንቀጽ ራስ ላይ ሁለት መስመር የሚይዝ ትልቅ ፊደል ሲፈልግ «ቱ ላይን ብረቪር» ያዝዛል፤ የሚመጣለት ፊደል ሁለቱን መስመር ያለ ክፍተት ይሞላል። ከሌላ ቤት ከመጣ ብረቪር ጋር ግን ላይገጥም ይችላል፤ ያኔ ከሥሩ የካርቶን ወይም የስስ እርሳስ ቁራጭ እየከተቱ ማስተካከል ግድ ነው። የዘመኑ ደረሰኝ፣ የዋጋ ዝርዝርና ቀላጮች ፊደላቸውን ለገዢ የሚያሳዩበት የናሙና ገጽ ሁሉ የተጻፈው በዚህ ቋንቋ ነው። እሱን በቁጥር ቀይረን ብንጽፍ የሚቀጥለው አጥኚ ከደረሰኙ ጋር ሊያመሳክረው አይችልም።

ለቁጥር

እኅቴ፣ ፖይንት ብዙ ዓይነት ነው ያሉት ልክ ነው። ስለዚህ ፖይንትንም ልተው። ሚሊሜትር የማንም ሰፈር ልክ አይደለም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሕትመት አጥኚዎች የሚሠሩበት መንገድ አለ፤ ስም ባልተጻፈበት ዘመን ያለውን ፊደል ሁሉ የለዩት በእሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ርእስና ትልቅ ፊደል የሌለበት፣ ጽሑፍ ብቻ የሞላው ገጽ ይመረጣል። ከአንድ መስመር መቀመጫ፣ ማለትም ፊደሎቹ ከሚያርፉበት ሐሳባዊ መስመር፣ ተነስቶ እስከ 21ኛው መስመር መቀመጫ ድረስ በብረት ማስመሪያ ይለካል። ይህ የ20 መስመር ልክ ነው። ከተለያየ የመጽሐፉ ክፍል ሦስት ወይም አራት ገጽ ወስዶ መድገም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ገጾቹ እኩል አይወጡም። በሞክሰን ልክ የተቀለጠ ፓይካ 81 ሚሊሜትር ገደማ ይሰጣል፤ የ1886ቱ ፓይካ 84፤ ሲሴሮ 90። ሦስቱን «12 ፖይንት» የሚለው ሠንጠረዥ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ማስመሪያው ይለያቸዋል። ለእኛም የሚጠቅመው ይህ ነው። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 ሮም ያሳተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት ምን ዓይነት ስም ሊሰጠው ነው? ለክተን ቁጥሩን ከመጻፍ በቀር መንገድ የለም።

ለስም

ለፖትከን መዝሙር ምንጭ ያልሰጠውን ስም እንለጥፍበት አላልኩም። እዚያ ማስመሪያው ይግዛ። ምንጩ ስም የጠራበትን ሥራ ግን ማስመሪያው ሊተካው አይችልም፤ የሚለካው የታተመውን ወረቀት እንጂ እርሳሱን አይደለምና።

በመጀመሪያ፣ በእጅ ማተሚያ ዘመን ወረቀቱ ረጥቦ ይታተማል፤ ሲደርቅ 1 ወይም 2 ከመቶ ይሰበሰባል። 90 ሚሊሜትር ይሆን የነበረው ሲሴሮ 89 ወይም 88 ሆኖ ያገኙታል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ለቃሚዎች ገጹ እንዲተነፍስ በመስመር መካከል ስስ የእርሳስ ጠፍጣፋ ያስገባሉ። 10 ፖይንት የሆነ ሎንግ ፕራይመር በየመስመሩ 2 ፖይንት ጠፍጣፋ ቢገባበት የ20 መስመሩ ልክ 84.3 ሚሊሜትር ይወጣል። ጠፍጣፋ የሌለው ፓይካም 84.3 ነው። ማስመሪያዎ ሁለቱን መለየት አይችልም። ሦስተኛ፣ የብረቪር መልክ ያለውን ፊደል በሎንግ ፕራይመር አካል፣ ማለትም መልኩን በሚሸከመው የእርሳስ ግንድ፣ ላይ የሚያቀልጡ ቤቶች ነበሩ። ገጹ ጠፍጣፋ የገባበት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ምንም የለም። የናሙናው ገጽ ሁለቱንም ስም ይነግርዎታል፤ ወረቀቱ ግን አይነግርዎትም።

ለቁጥር

ለጠፍጣፋው መላ አለው። በላቲን ጽሑፍ ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ጭራ ያለው ፊደል፣ ከሥሩ ባለው መስመር ወደ ላይ ከሚወጣ ቀንበጥ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሊነካኩ ከደረሱ በመካከላቸው ጠፍጣፋ የለም። ሰፊ ክፍተት ካለ ወይ ጠፍጣፋ ገብቷል ወይ ፊደሉ በትልቅ አካል ላይ ቀልጧል። መዝጋቢው «20 መስመር 84 ሚሜ፣ የፊደሉ ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.4 ሚሜ» ብሎ ሁለት ልክ ከጻፈ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ለወረቀቱ መሰብሰብም ከአንድ ቅጂ በላይ መለካት ነው።

ለስም

ይህ ፈተና ለላቲን ይሠራል፤ ለግእዝ ግን ይከብዳል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚል ልዩነት የለውም፤ አብዛኛው በሁለት መስመር መካከል ተካክሎ ይቆማል። ጭራና ቀንበጥ ፍለጋ ገጽ ቢያገላብጡ የሚያገኙት ጥቂት ነው። የሚሻለው ከላይና ከታች ሰረዝ ያላቸውን የግእዝ አኃዞች መለካት ነው፤ በምዕራፍና በቁጥር ምልክት ላይ ስለሚገኙ ለመዝሙርና ለወንጌል ምቹ ናቸው። እሱም ቢሆን አካሉ ቢያንስ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይናገራል እንጂ በትክክል ምን ያህል እንደነበረ አይናገርም።

ስሙ የሚጠቅመን በተለይ እዚህ ነው። በ1734 የወጣው የዊልያም ካዝለን የናሙና ገጽ የሎንደን ቀላጮች የምሥራቅ ፊደሎችን እንዴት እንደሚሸጡ ያሳያል፦ ፓይካ ኮፕቲክ፣ ፓይካ አርመንኛ፣ ኢንግሊሽ ዓረብኛ። ገዢው ፓይካ ኮፕቲክን የሚገዛው ከፓይካ ላቲኑ ጋር በአንድ መስመር እንዲያሰልፈው ነው። አካላቸው እኩል ስለሆነ መሙያ አያስፈልግም። መዝገበ ቃላት፣ ሰዋስው፣ ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የሚለቅም ሰው በአንድ መስመር ውስጥ አምስትና ስድስት ጊዜ ፊደል ይቀይራል። አካሉ ካልገጠመ በየቃሉ ሥርና ራስ ላይ ስስ ቁራጭ መሰካት አለበት፤ አንዱ ከላላ መስመሩ ይዘምማል፤ ጠብቆ ሲታሰር ሌላው ፊደል ይወድቃል። ለእንዲህ ያለ ሥራ «ፓይካ» የሚለው ስም የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚኖር የሚያሳይ ነው።

ደግሞም ቁጥርን እንደ መዳኛ አናምልከው። ቻይናና ጃፓን ስም ሳይኖራቸው በተራ ቁጥር ነው የሄዱት። የቁጥር 5 ፊደል 10.5 ፖይንት ነው፤ የቁጥር 3 ፊደል 16 ገደማ። ቁጥሩ ሲያድግ ፊደሉ ያንሳል። በጃፓን አሠራር የቁጥር 5 እጥፍ ቁጥር 2 ነው፣ ግማሹ ደግሞ ቁጥር 7። ይህንን የማያውቅ አንባቢ «5» የሚለውን አይቶ 5 ፖይንት ነው ብሎ ያልፋል። የቻይና መንግሥት ደብዳቤዎች ዛሬም በቁጥር 3 ይጻፋሉ። ከዋናው ቃል አጠገብ ንባብ የሚያመለክተውን ትንሽ ፊደል ደግሞ ጃፓኖች ከእንግሊዙ 5.5 ፖይንት ስም ወስደው ሩቢ አሉት፤ ዛሬ የድረ ገጽ ቋንቋ ውስጥ በዚሁ ስም ገብቷል። በቃሉ ራስ ላይ ምልክት የሚጻፍበት የእኛ ድጓ በኮምፒውተር ሲዘጋጅ የሚያስፈልገው አቀማመጥ ይህንኑ ይመስላል። «5.5» ብለን ብንተካው ኖሮ ይህ መንገድ በአንድም መዝገብ ላይ አይታይም ነበር።

ለቁጥር

እንግዲያው ልዩነታችን የቀረው በቅደም ተከተል ላይ ነው። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «20 መስመር 84 ሚሜ፤ የአኃዙ ቁመት 3.9 ሚሜ፤ ጠፍጣፋ አይታይም፤ ምንጩ ፓይካ ይለዋል።» ልኩ ይቅደም፤ ማውጫውም በሚሊሜትር ይደርደር። ሰነድ ያለውም የሌለውም መጽሐፍ በአንድ ረድፍ የሚቆምበት ሌላ መንገድ አላውቅም። ስሙም ብቻውን አይቁም፤ ከተማውና ዓመቱ ይከተሉት።

ለስም

ከተማውና ዓመቱ ይከተሉት ያሉትን እስማማበታለሁ፤ «ፓይካ፣ ሎንደን 1683» እና «ፓይካ፣ ፊላደልፊያ 1886» ሁለት ልዩ መግቢያ ይሁኑ። ማውጫው በሚሊሜትር ይደርደር የሚለውን ግን አልስማማም። ከአንድ ቀላጭ በአንድ ቀን የተገዛ አንድ ፊደል፣ አንዱ መጽሐፍ በ2 ፖይንት ጠፍጣፋ ሌላው ያለ ጠፍጣፋ ስለታተመ፣ 84 እና 70 ላይ ተለያይቶ ይቀመጣል። ከሁለቱ መካከል ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ በርካታ ፊደሎች ይገባሉ። ሰነድ ያለው በስሙ ይደርደር፤ ሰነድ የሌለው፣ የፖትከንም ዳዊት ጭምር፣ በልኩ ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ።