የእንግሊዝኛ ግሥ ብቻውን አይጠናም

በአገራችን እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ ብዙውን ጊዜ የደብተሩን ገጽ ለሁለት ከፍሎ በግራ ግሡን፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺውን ይጽፋል፤ «ጊቭ» ሰጠ፣ «ፑት» አስቀመጠ፣ «ተርን» ዞረ፣ «ሉክ» ተመለከተ። ይህ አጠናን ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ዕለታዊውን እንግሊዝኛ ያራቀብን ዋናው ምክንያት እርሱ ነው። ተናጋሪዎቹ በቤታቸው፣ በገበያና በሥራ ቦታቸው የሚገለገሉባቸው አጫጭር ግሦች ትርጉማቸው የሚሞላው ከኋላቸው ከሚከተሉት ተውሳከ ግሦች (እንደ «አፕ» ካሉ የግሡ አጋሮች) እና መስተዋድዳዊ ሐረጎች (እንደ «አት ሆም» ካሉ በመስተዋድድ የሚመሩ ሐረጎች) ጋር ሲጣመሩ ነውና። «ፑት ኦፍ» ቀጠሮን ማስተላለፍ፣ «ፑት አውት» እሳት ማጥፋት፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ የማይመችን ነገር ችሎ መኖር መሆኑን፣ «ማስቀመጥ» የሚለውን ፍቺ ብቻ የያዘ ተማሪ በምንም መንገድ ሊደርስበት አይችልም።

የችግሩ ሥር ሁለቱ ቋንቋዎች እንቅስቃሴን የሚገልጹበት መንገድ ይመስለኛል። በአማርኛ አቅጣጫን የሚናገረው ዋናው ግሥ ነው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ። አኳኋኑን ከፊቱ እናስቀድምና «እያነከሰ ገባ»፣ «ሹልክ ብሎ ወጣ»፣ «ሮጦ ተሻገረ» እንላለን። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል፤ አኳኋኑን ግሡ ውስጥ ከትቶ አቅጣጫውን ለትንሿ ቃል ይተዋል፤ «ሊምፕት ኢን»፣ «ስሊፕት አውት»፣ «ራን አክሮስ»። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ሊዮናርድ ታልሚ ሴማዊ ቋንቋዎችን ከስፓኒሽ ጋር በአንድ ወገን፣ እንግሊዝኛን በሌላ ወገን የመደቡት በዚሁ መለኪያ ነው። እንግዲህ ዋናውን ወሬ ከግሡ መጠበቅ የለመደ ጆሮ «ኢን» እና «አውት» ሲነገሩ እንደ ትርፍ ቃል ቆጥሮ ያልፋቸዋል፤ ሲናገርም ይጥላቸዋል። ሰውየው ይግባ ይውጣ የምትነግረን ግን ያቺው የተጣለችው ቃል ናት።

እነዚህ ትንንሽ ቃላት ወደ ረቂቅ ሐሳብ የሚሻገሩትም በዚሁ መንገድ ነው። «አፕ» ወደ ላይ ማለት መሆኑን ጀማሪም ያውቃል፤ «ኢት አፕ»፣ «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ» ሲባል ግን ወደ ላይ የሚሄድ ነገር የለም፤ ድርጊቱ ሳይተርፍ መፈጸሙን ነው የምትነግረን። እኛም ይህ ሐሳብ አልጠፋንም፤ «ጥርግ አድርጎ በላ»፣ «ጭልጥ አድርጎ ጠጣ» እንላለን። «አፕ» የምትሠራውን ሥራ «ጥርግ» እና «ጭልጥ» ይሠሩልናል ማለት ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ያሳየ መምህር ተማሪዎቹን ከብዙ ሽምደዳ ያሳርፋቸዋል።

ለዚህም ነው እነዚህን ጥምረቶች ሕግ የሌላቸው የእንግሊዝኛ ጠባይ አድርገው ከሚያቀርቡ ሰዎች ጋር የማልስማማው። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» እያለ ያደገ ሰው፣ ግሥ ከአጋሩ ጋር ሲጣመር የራሱን ፍቺ ሊተው እንደሚችል ሳይነገረው ያውቃል፤ ዝም ያለ ሰው ምንም አላለምና። ከዚህም የሚቀርብ ምሳሌ አለን። «ዳኛው ፈረደለት» እና «ዳኛው ፈረደበት» የሚሉትን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ግሡ አንድ ነው፤ ዳኛውም አንድ ነው፤ አንዱን ወደ ቤቱ፣ ሌላውን ወደ ወህኒ የሚልከው ከግሡ ጫፍ የተለጠፈው «ለ» ወይም «በ» ነው። መሰከረለትና መሰከረበትም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ «ቴስቲፋይድ ፎር» እና «ቴስቲፋይድ አጌንስት» ሲል ያንኑ ሥራ ተለይተው በቆሙ ቃላት ይሠራዋል። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ይህን በእጃችን ያለ ዕውቀት መነሻ ሳያደርጉት መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

በእርግጥ ከቋንቋችን የማናገኘው ነገርም አለ፤ እርሱም የቃላቱ መቀመጫ ነው። «ሺ ተርንድ ኦፍ ዘ ሮድ» እና «ሺ ተርንድ ኦፍ ዘ ሬዲዮ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው «ኦፍ» ከ«ዘ ሮድ» ጋር ሆና መስተዋድዳዊ ሐረግ መሥርታለች፤ ሴትየዋ ታጥፋ ከመንገዱ ወጣች። በሁለተኛው ግን «ኦፍ» የግሡ ወገን ናት፤ ሴትየዋ ሬዲዮውን ዘጋችው። መለያው ቃሏን ከቦታዋ ማንቀሳቀስ ነው፤ «ተርንድ ዘ ሬዲዮ ኦፍ» ይባላል፣ መንገዱን ግን በዚህ አኳኋን መሃል ማስገባት አይቻልም። በስሙ ፋንታ ተውላጠ ስም ሲገባ ደግሞ ምርጫው ያበቃል፤ ሬዲዮው «ኢት» ከተባለ «ተርንድ ኢት ኦፍ» እንጂ «ተርንድ ኦፍ ኢት» አይሆንም። በንግግርም «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል «ኦፍ» ጠንከር ብላ ትሰማለች፤ በ«ሉክ አት ኢት» ውስጥ ያለችው «አት» ግን ላልታ ታልፋለች። ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ይህን የድምፅ ልዩነት ከየት ያገኘዋል?

የአኳኋን፣ የቦታና የጊዜ ገላጮች ቅደም ተከተል ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። «ትናንት ቤት ውስጥ በጸጥታ ሠራ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ «ሂ ወርክት ኳይትሊ አት ሆም የስተርደይ» ይሆናል። በሁለቱም ቋንቋዎች ለግሡ የቀረበው አኳኋኑ፣ የራቀው ጊዜው ነው፤ የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ብቻ ሰልፉ ተገልብጦ ይታያል። ተሳቢ ሲኖር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እንደ «ኦፍ» ካሉት የግሡ አጋሮች በቀር፣ በግሡና በተሳቢው መካከል ሌላ ገላጭ ማስገባት እንግሊዝኛ አይወድም፤ «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ ዌል» እንጂ «አይ ስፒክ ዌል ኢንግሊሽ» የማይባለው ለዚህ ነው።

የተማረው ሰው ዕለታዊ ንግግር ላይ የሚቸገርበት ሌላ ታሪካዊ ምክንያትም አለ። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛና ላቲን የቤተ መንግሥት፣ የሕግና የትምህርት ቋንቋዎች ሆኑ፤ ከእነርሱ የተወረሱት ግሦች ዛሬም የመጽሐፍና የቢሮ ወግ አላቸው። በአጫጭሮቹ ግሦች የተሠሩት ጥምረቶች ደግሞ የቤትና የመንደር ንግግር ሆኑ። «ፖስትፖን» ከ«ፑት ኦፍ»፣ «ቶለሬት» ከ«ፑት አፕ ዊዝ» ጋር ጎን ለጎን የሚኖሩት ከዚህ የተነሣ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ ስለደነገገ፣ ባዮሎጂንና ታሪክን በእንግሊዝኛ ያነበበ ተማሪ በብዛት የሚያገኘው ያንን የመጽሐፉን ወገን ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሄዶ ሥራ ሲጀምር የሥራ ውሉን አንብቦ ይረዳል፤ አለቃው «ካን ዩ ፊል ኢን ፎር ሂም ቱሞሮ?» ሲለው ግን የሚሞላ ፎርም ይፈልጋል። የተጠየቀው ነገ ባልደረባውን ተክቶ እንዲሠራ ነበር። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም፣ ለውጭ አገር ሰው እጅግ የሚከብደው ይህ ዓይነቱ ጥምረት መሆኑን ጽፏል፤ ስለዚህ ችግሩ የእኛ ልጆች ስንፍና አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ግሡ ከነአጋሩና ከነተሳቢው፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዲጻፍና ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ነው። በ«ሉክ» ወይም በ«ጌት» ሥር የተደረደረ ረጅም ዝርዝር መስጠት ተማሪውን ከማደናገር አያልፍም፤ ተመሳሳይ ቃላት በአንድ ቀን ሲጠኑ እርስ በርስ ይምታታሉና። መነሻውም ሩቅ አይደለም። ፒካፕ፣ ቼካፕ፣ ሜካፕ እያልን የምንጠራቸው ነገሮች ሁሉ ከግሥና ከ«አፕ» ጥምረት የተወለዱ ስሞች ናቸው። ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው «ነገ ፎሎአፕ አለኝ» ይላል። መምህሩ ይህን ስም ወደ ግሥነቱ መልሶ «ዘ ዶክተር ፎሎውድ አፕ ኦን ማይ ኬዝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢያሠራው፣ ተማሪው ግሡን፣ ተውሳከ ግሡንና መስተዋድዳዊ ሐረጉን በየቦታቸው ያስቀመጠው አስቀድሞ በሚያውቀው ቃል ይሆናል።