ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ

አንድ ጽሑፍ «ኮምፒውተራችሁ በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ በሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) ከተቆለፈ ወዲያው ፎርማት አድርጉት» ይላል። ኧረ ተዉ! እዚህ ኮምቦልቻ የስንቱ ነጋዴ ሂሳብ ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፎርማት ካደረገው የዱቤ መዝገቡም አብሮ ሄደ።

መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። የተቆለፉትን ፋይሎች ከነማስፈራሪያው ጽሑፍ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡና አስቀምጡ። ዛሬ መክፈቻ ባይገኝ ነገ ሊወጣ ይችላል። ዩሮፖል (የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም) እና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ድረ ገጽ ለብዙ የራንሰምዌር ዓይነቶች መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። ለሁሉም ግን አይደለም።

«ባክአፕ (የፋይሎቼ መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ» የምትሉም፣ ቅጂው ያለበት ሃርድ ዲስኩ ቀንም ሌሊትም ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚያድር ከሆነ እሱም አብሮ ይቆለፋል። ማታ ነቅላችሁ ቤት ይዛችሁት ግቡ።